ፊልም አይቼ አለቀስኩ ብዬ ለጠፍኩ፤ 23 መልስ መጣ

የለጠፍኩት ይኼን ነበር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ትናንት ማታ መብራት ሳይሄድብን (ክረምቱን ጅማ የከረመ ያውቀዋል) በጓደኛዬ ላፕቶፕ «ጀስት መርሲ» የሚባለውን ፊልም አየን። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፤ እኔ ጋ ገና አሁን መድረሱ ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው። አላባማ ውስጥ ዋልተር ማክሚሊያን የሚባል ጥቁር ሰው ነበር፤ ለወረቀት ፋብሪካ የሚሆን እንጨት እየቆረጠ የሚኖር። በ1986 ሞንሮቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት የ18 ዓመት ነጭ ልጅ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ተገድላ ተገኘች። ወራት አለፉ፣ ገዳዩ ጠፋ፣ ከተማው ተቆጣ። በመጨረሻ እሱን ያዙት። ልጅቷ በተገደለችበት ሰዓት ሰውዬው ቤቱ ነበር። ቤተሰቡ ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለማሰባሰብ ዓሣ እየጠበሰ ይሸጥ ስለነበር ስንትና ስንት ሰው አይቶታል። ግን ያዩት ሰዎች ጥቁሮች ናቸውና ቃላቸው ከቁም ነገር አልተቆጠረም። ስድስት ዓመት የሞት ፍርደኞች ክፍል ተቀመጠ። ብራያን ስቲቨንሰን የሚባል ወጣት ጠበቃ ነው ታግሎ በ1993 ያስፈታው።

እኔማ አለቀስኩ። ጥያቄዬ ይኼ ነው። ሰው እንዴት የሌላውን ፊት አይቶ ብቻ ጥፋተኛው አንተ ነህ ይላል? ጁሪ የሚባሉት፣ ከተራው ሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱትስ፣ ያለ ማስረጃ ሞት ፈርደው ማታ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? እኛ አገር ቢያንስ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ እግዜር ይመስገን ብዬ ተኛሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

እንግዲህ ይኼው ነው። አምስት ስድስት ሰው ያሳዝናል ብሎ ያልፋል ብዬ ነበር። አራት ቀን ቆየ። ማን ምን አለ እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ በተራ በተራ በራሴ አፍ እነግራችኋለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ አንዳንዱም የሚገለበጥ አይደለም።

1. የመጀመሪያው መልስ ከአዲስ አበባ ነው። ፊልሙን ሁለቴ እንዳየው፣ ሁለቴም እንዳለቀሰ፣ ሁለተኛው ላይ ከእናቱ ጋር ስለነበር ሽንኩርት እየከተፈ እንደነበር አስመስሎ እንዳመለጠ ጻፈ። ወንድሜ ብሎ ነው የጠራኝ። እህትህ ነኝ ብዬ አረምኩት።

2. ሁለተኛው ስንት ሜጋ ባይት ነው፣ ሊንክ ካለሽ ላኪ አለ። ይኼን ሰው አትርሱት፣ ይመለሳል።

3. ሦስተኛው የሕግ ተማሪ ነው፣ እንደኔው ጅማ ያለ። በጨዋ ደንብ ነው ያረመኝ፣ ግን አረመኝ። ሞት የፈረደው ጁሪው እንዳልሆነ ነገረኝ። ጁሪው ጥፋተኛ ነው ቢልም ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ይሁን ብሎ ነበር። ዳኛው ነው ያንን ሽሮ ሞት የፈረደው። በአላባማ ሕግ ያኔ ዳኛ ይኼን ማድረግ ይችል ነበር፤ የቀረው በ2017 ነው፣ እሱም ቀድሞ ለተፈረደባቸው አልሠራላቸውም። ጠቅላላ የፍርድ ሂደቱ የፈጀው ደግሞ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው። የሰው ነፍስ በአንድ ቀን ተኩል! እኛ እዚህ አንድ መታወቂያ ለማውጣት ከዚያ በላይ እንመላለሳለን ብሎ ጨመረ፣ ሳቅኩ። በነገራችን ላይ እኛ ጋ ጁሪ የሚባል ነገር የለም፤ ዳኛ ነው የሚፈርደው። የሞት ፍርድም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። ይኼን አላውቅም ነበር።

4. አራተኛዋ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነች። ሞንሮቪል ማለት ሃርፐር ሊ የተወለደችባት ከተማ ናት አለች። በሐሰት ስለተከሰሰ ጥቁር ሰውና ስለ ነጭ ጠበቃው የሚተርከውን ያንን ዝነኛ ልብ ወለድ በ1960 ያሳተመችው ደራሲ። ከተማዋ በመጽሐፉ ትኮራለች፣ ሙዚየም ሁሉ አላት፣ ፊልሙ ላይም አቃቤ ሕጉ ስቲቨንሰንን፣ ሙዚየሙን ሄደህ ጎብኘው ይለዋል። ማክሚሊያንም የተከሰሰው እዚያው ከተማ በተፈጸመ ግድያ ነው። መምህሯ ይኼን ክፍል ውስጥ ስታስተምር ተማሪዎቿ እንደማያምኗት ጻፈች። መጽሐፍ ማንበብ ሰውን ይቀይራል ብላ ሃያ ዓመት ስላስተማረች፣ ይኼ ነገር ትንሽ እንደሚያንቃት አልደበቀችም።

5. አምስተኛው ነገሩን አቀዘቀዘው። ሆሊውድ እንባችንን በዶላር ይሸጣል፣ ተዋንያኑ ሚሊዮን ተከፍሏቸው ሲስቁ አንቺ ጅማ ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ አለ። እውነተኛ ታሪክ የሚለው ጽሑፍ ለማሻሻጫ ነው ብሎም ደመደመ።

6. ስድስተኛው ለአምስተኛው ነው የመለሰው፣ ትንሽ ሞቅ ብሎ። ስለ መኪናው ጻፈ። አንዱ ምስክር ግድያው የተፈጸመ ዕለት የማክሚሊያንን ዝቅ ያለች ፒካፕ ላውንደሪው በር ላይ አየኋት ብሎ ነበር። መኪናዋ ግን ዝቅ የተደረገችው ከግድያው ወራት በኋላ ነው። ያኔ እንደዚያ ዓይነት መኪና አልነበረውም ማለት ነው! ዋናው ምስክር ራልፍ ማየርስ ደግሞ ራሱ ወንጀለኛ ነው፤ አስገድደው ነው ያስዋሹኝ ብሎ ኋላ ቃሉን አጠፈ። እንዲያውም ሐሰት እንዲመሰክር እየተጫኑት እንደሆነ ሲያማርር የሚሰማበት የተቀዳ ካሴት ነበር፤ ለመከላከያው ሳይሰጥ ተደብቆ ቆየ። ጁሪው አሥራ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር ነበር፤ ጉዳዩን ብዙ ጥቁሮች ከሚኖሩበት አውራጃ አውጥተው ጥቁሮች ጥቂት ወደሆኑበት ወስደውት ነው። ይኼ ሁሉ ፊልም አይደለም፣ መዝገብ ላይ ያለ ነው አለ። የዳኛው ስም እንኳ ሮበርት ኢ. ሊ ኪይ ነው፤ ባርነት እንዳይቀር በተዋጋው ጦር መሪ ስም የተጠራ። ደራሲ ቢጽፈው አጋነንክ ይባል ነበር።

አምስተኛው አልመለሰም። ለስድስተኛው መልስ ግን ላይክ ሲያደርግ አየሁት፤ ወንድ ልጅ ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዚህ ነው መሰለኝ።

7. እዚህ ጋ ነገሩ አገራችን ገባ። ሰባተኛው ዓድዋን ይዞ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነጭን ያሸነፈ ሕዝብ የቆዳ ቀለም ችግር ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ዘረኝነት ከውጭ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ልጅቷ እግዜር ይመስገን ማለቷ ልክ ነው አለ። ለእኔ ስለወገነልኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

8. ስምንተኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ የጅማ ሰው፣ ጡረታ ላይ ያሉ። ረጅም ጻፉ። መጀመሪያ ዓድዋን አመሰገኑ፣ አያታቸው ዘምተው እንደነበርም ነገሩን። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሂርማታ ወሰዱን። ለማታውቁ፣ የዛሬው ጅማ ከተማ ያረፈበት የድሮው ገበያ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን (ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው የነገሡት) ከአካባቢው ገበያዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ እየተነዱ የሚመጡ ሰዎች። ጋሼ ይኼን ሲጽፉ ጅማን ለመውቀስ እንዳልሆነ፣ ጎንደርም ሸዋም ባሪያ ሸማች እንደነበር ደጋግመው ተናገሩ። ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፣ ጨርሶ የተከለከለው ደግሞ ከጣሊያን በኋላ በ1942። እሳቸው የተወለዱት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ልጅ እያሉ ሰፈራቸው ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሰው ሁሉ በስማቸው ሳይሆን ባ ብሎ በሚጀምረው ቃል ነበር የሚጠራቸው። ጋሼ እስከ ዛሬ የሴትዮዋን ስም አያውቁትም። እናታቸውን ጠይቀው እናታቸውም አያውቁም ነበር።

9. ሰባተኛው ተመለሰ፣ ጨዋነቱን ግን ጥሎት ነው የመጣው። ታሪክ ማጠልሸት፣ የነጭ ተላላኪ፣ ምናምን። ለአዛውንት እንዲህ አይጻፍም።

10. አሥረኛው የመድረኩ ተቆጣጣሪ ነው። ሰባተኛውን አስጠነቀቀ፣ ሁለት መስመር አጠፋበት፣ ፊልሙ ላይ እንድንቆይ ለመነ። ማንም አልሰማውም።

11. አሥራ አንደኛው ከቦንጋ ነው። ጋሼን አመሰገነና የራሱን አወራ። ካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ፤ ድሮ በአደን የሚታወቁ። ጎረቤት ሆነው እየኖሩ ቤት ገብተው አብረው የማይበሉ፣ የማይጋቡ። አሁን ተሻሽሏል፣ ግን አልጠፋም አለ። አያቱ ቤት ደጃፉ ላይ፣ ምሰሶው ሥር፣ አፉ የተሸረፈ አንድ ስኒ ነበር። ከሌሎቹ ስኒዎች ጋር አይታጠብም፣ ከረከቦቱ ላይ አይቀመጥም። ማር ይዞ የሚመጣ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ደጅ ተቀምጦ ቡናውን በዚያ ይጠጣል። ልጁ ስኒው የሰውዬው የግሉ ንብረት ይመስለው ነበር፤ እንዲያውም ይቀናበት ነበር፣ ለእሱ የራሱ ስኒ ስለሌለው። አንድ ቀን ቡና ብሎ አለቀሰና በዚያ ስኒ ቀድቶ ሊጠጣ ሲል አያቱ እጁን መቱት። ያኔ ነው የገባው። ስኒውን ሰብረው ሲጥሉት ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማዋል። የጣሉት ስለተሸረፈ አይደለም፣ ልጁ አፉን ስላስጠጋበትም አይደለም። ልጁና ሰውዬው በአንድ ስኒ ተነካክተው ስኒው የማን እንደሆነ ስለጠፋ ነው።

ይኼን ሳነብ ካፌ ነበርኩ። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ።

12. አሥራ ሁለተኛው ኳስ ይዞ ገባ፣ ግን ከጨዋታው አልወጣም። ይድነቃቸው ተሰማ የተወለደው ጅማ ነው አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1921። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ዋንጫ ቀረች፤ ግብፅ፣ ሱዳንና እኛ ብቻ ተጫወትን። ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነው፤ ከ1972 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1987፣ ፕሬዚዳንት ሆኖ አፓርታይድን ከኳስ ሜዳ ለማስወጣት ሲሟገት ኖረ። ስለዚህ ጅማ ለቀለም ፍትሕ ምን አደረገች ለሚል መልስ አለን ነው ነገሩ። ሂርማታም የጅማ ነው፣ ይድነቃቸውም የጅማ ነው።

13. ከዚህ በኋላ ያው ነው። አሥራ ሦስተኛው ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲበላ የት እንደነበረ ነገረን፤ ፈረንጅ አራዳ አንድ ባጃጅ ጣራ ላይ ነው አሉ። ዘጠኝ ንዑስ መልስ ስለ ኳስ ሄደ። አልቆጥራቸውም።

14. የሕግ ተማሪው ተመልሶ መጣና ከኳሱ አዳነን። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን ሄግ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰው ነበር፤ የዛሬዋ ናሚቢያ ላይ አፓርታይድ ስለጫነች። ስድስት ዓመት ተሟገቱ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በድጋሚ ድምፅ ሰጥቶ ክሱ ወደቀ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ እናንተን አይመለከታችሁም የሚል ነው። የሌላ ሰው በደል ምን አገባችሁ እንደማለት። ልጁ ይኼን የጻፈው ለአምስተኛው ነው፤ ጅማ ቁጭ ብለሽ ለአላባማ ታለቅሻለሽ ላለው። እኔ ክርክሩ ባይገባኝም ወደድኩት። ናሚቢያ ነፃ እስክትወጣ ሌላ ሃያ አራት ዓመት ፈጀ።

15. አሥራ አምስተኛዋ ስለታም ነች። ሁላችሁም የምታለቅሱት ለንጹሑ ሰው ነው፣ እሱ ቀላል ነው አለች። ፊልሙ ውስጥ ኸርበርት ሪቻርድሰን የሚባል እስረኛ አለ። ቬትናም ዘምቶ አእምሮው ተነክቶ የተመለሰ፣ የሠራው ቦምብ አንዲት ትንሽ ልጅ የገደለ። እሱ ንጹሕ አይደለም። በ1989 በኤሌክትሪክ ወንበር ገደሉት። ፊልሙ ላይ ሲወስዱት ሌሎቹ እስረኞች ብቻህን አይደለህም ለማለት ኩባያቸውን ብረቱ ላይ ይደበድባሉ። እዚያ ጋስ አለቀሳችሁ ወይ? አለች። ያለቀሰ ካለ ለልጅቷ እናት ምን ይላል? ያላለቀሰ ካለ ደግሞ ስለ ፍትሕ አያውራ። በሁለቱም በኩል መግቢያ ዘጋችብን። ሰዎች ተረባረቡባት፣ አልተበገረችም። እኔ እዚያ ጋ አለቀስኩ ወይ ብዬ ለማስታወስ ሞከርኩ። የኩባያዎቹ ድምፅ ላይ ጓደኛዬን ድምፅ ቀንሺው፣ ጎረቤት ተኝቷል ብያታለሁ። ትዝ የሚለኝ ይኼ ነው።

16. አሥራ ስድስተኛዋን በደንብ አስታውሳታለሁ። ማን እንደሆነች አልነገረችንም። ሦስት መስመር ነው የጻፈችው፣ ቀጥታ ለእኔ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ማለቴን አንስታ፣ ዶርማችን ውስጥ ከሁላችን የጠቆረች ልጅ ነበረች ወይ፣ ከነበረች ምን ብለን ነበር የምንጠራት፣ ዕቃ የጠፋ ቀንስ መጀመሪያ ማንን አየን? ይኼው ነው። ሰላምታም የለውም።

17. አሥራ ሰባተኛው መልስ የእኔ ነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ልተወውም ነበር።

ሁለተኛ ዓመት እያለን ዶርሙ ውስጥ ስድስት ነበርን። አንዷ ከጋምቤላ የመጣች ነች። ስሟን አንጠራውም ነበር፤ ይከብደናል እያልን ሌላ ስም አወጣንላት። ስሙን አልጽፈውም፣ ታውቁታላችሁ። እሷም አቤት ትል ነበር፣ ስለዚህ የወደደችው መሰለን። ውሃ ሲጠፋ ከሁላችን ቀድማ ተነስታ ሁለት ጀሪካን ትሞላለች፣ አንዱ የእኛ ነው። አንድ ማታ ስልኬ ጠፋ። መብራትም የለም። ተፈለገ፣ ፍራሽ ተገለበጠ፣ ከዚያ የእሷ ሎከር ተፈተሸ። የሌሎቹ አልተፈተሸም። ሎከሯ ውስጥ የነበረው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አራት ልብስ፣ በቋንቋቸው የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ፣ እታች ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ። ከቤት የላኩላት ነው። ሽታው ላይ ቀልደን ስለነበር ደብቃው ኖራለች። ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር፣ ከሻወር ገና መመለሷ ነው። አንድም ነገር አልተናገረችም። ሲያልቅ ልብሶቹን አንድ በአንድ አነሳች፣ አራግፋ አጠፈቻቸው፣ መለሰቻቸው። ዓሣውን ግን አልመለሰችውም፣ ወጥታ ጣለችው።

ስልኩ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። የጃኬቴ ኪስ ተቀዶ ወደ ገበሩ ገብቶ ነበር፤ ልብስ ላጥብ ስል እጄ ላይ ከበደኝ። ኧረ ተገኘ ብዬ ጮህኩ፣ ሳቅን። ይቅርታ የጠየቃት የለም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ዶርም ቀየረች። ከዚያ በኋላ ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ በደህና ሰላምታ። እኔ ነኝ ወደ ሌላ የማይ።

ይኼን ጻፍኩና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

18. አሥራ ስምንተኛው ሊያጽናናኝ ሞከረ። ልጅነት ነው፣ ስልክ ከጠፋ ሁሉም ይጠረጠራል፣ አሁን መጻፍሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጥሩ ሰው ነው። ግን መጻፌ ለማን ነው ትልቅ የሆነው?

19. አሥራ ዘጠነኛው ምንም አላጽናናኝም። አላባማ ያሉት ፖሊሶችም እንዳንቺው ነበሩ፣ ልዩነቱ አንቺ ሽጉጥ አልነበረሽም አለ። ጨርሶ የሚሆን ንጽጽር አይደለም ብለው ሦስት ሰዎች ተቃወሙት፣ የሕግ ተማሪውም ጭምር። እሱ ሕገ መንግሥቱን ጠቀሰ፦ አንቀጽ 20፣ ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። ዶርም ውስጥ አይሠራም መሰለኝ፣ አለ ራሱ። ከዚያ ስሜቴ እንዳልተነካ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። ነክቶኛል፣ ግን ልክ ነው።

20. ጋሼ ተመለሱ። ለእኔ ልጄ ብለው ጻፉ። ስሟን አሁን ታውቂዋለሽ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። አውቀዋለሁ ጋሼ አልኳቸው። በሙሉ ጻፍኩላቸውና ወዲያው አጠፋሁት፤ እዚህ መለጠፍ የእኔ ሥራ አይደለም።

21. ሃያ አንደኛዋ ሦስተኛው ቀን ማታ ነው የመጣችው። አወቅኳት። ከስድስታችን አንዷ ነች፤ አልጋዋ በሩ አጠገብ የነበረ። ታሪኩ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ላስተካክል አለች። ተፈተሸ ማለት አይደለም። ፍራሹን የገለበጥነው ሁላችንም ነን። ሎከሩን ግን ክፈቺ ያልሻት አንቺ ነሽ፣ ቁልፉን ከእጇ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ፣ እጅሽን ያስገባሽው አንቺ ነሽ። የእኔ ደግሞ የስልኬን ባትሪ አብርቼ መያዝ ነበር፤ እንዲታይሽ። ቀኝ እጄ እስኪዝል ያዝኩልሽ። ስድብ የለውም መልሷ። መጨረሻ ላይ ለፈተና እየተዘጋጀሽ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

22. የእኔን 17ኛ መልስ መልሼ አነበብኩት። ተፈለገ፣ ተገለበጠ፣ ተፈተሸ። አንድም ቦታ ላይ እጅ የለም። ማስተካከያውን ነካሁና ተፈተሸ የሚለውን ፈተሽኩ አልኩት። አልተፈተሸም የሚለውን አልፈተሽኩም። ሁለት ቃል ነው። ከሥሩ ተስተካክሏል የምትል ግራጫ ጽሑፍ ወጣች፣ ከነሰዓቷ።

23. ሁለተኛው ሰውዬ ተመለሰ። ፊልሙን እንዳገኘው፣ 1.4 ጊጋ እንደሆነ፣ ዳታው እንዳለቀበት ነገረን። የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ካለ ላኩልኝ አለ።